ቄስ ዘንዶ አይገድልም

የልጄን እርሳስ በቀረጽኩ ቁጥር ሽታው የልጅነት አገሬ ዘመሮ ድረስ ይወስደኛል።

ክረምት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ሰናይት አዲስ ጨዋታ አስተማረችን። እሷ በወሬ ዘንዶ ትፈጥራለች፤ እኔና ወንድሜ ጌታሁን፣ ጎኖቹ ላይ ቁጥር የጻፍንበትን እርሳስ እያንከባለልን በወጣው ቁጥር እንዋጋዋለን። ጨዋታው አራት ጀግና ይፈልጋል፦ ጦረኛ፣ ፈዋሽ ቄስ፣ አስማተኛና ሌባ። እኛ ሁለት ብቻ ስለሆንን እያንዳንዳችን ሁለት ሙያ መደረብ ነበረብን። ጌታሁን ጦረኛና ሌባ ሆነ።

«እኔ ቄስና አስማተኛ!» አልኩ።

ባና ተከናንበው ጥግ የተቀመጡት የቅኔ መምህር አያታችን ቀና አሉ። ለአስማቱ የምገረፍ መስሎኝ ነበር።

«ቄስ አይሆንም» አሉ። «ቄስ ደም ካፈሰሰ ክህነቱ ይፈርሳል። ዘንዶውን ማን ሊገድልልሽ ነው?»

«ቅዱስ ጊዮርጊስስ?»

«እሱማ ወታደር ነው፤ መቼ ቀደሰ! ይልቅ ደብተራ ሁኚ። ደብተራ ይዘምራል፣ ሥር ምሶ ያክማል፣ አስማቱንም ይደግማል። ተማሪ ሳለ ሲርበው ደግሞ ዶሮ ይሰርቃል።»

«አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሙያ አይይዝም!» ብላ ሰናይት ጮኸች።

ሌብነቱን የተነጠቀው ጌታሁን ተናደደ። «አባባ፣ እርስዎም ዶሮ ሰርቀዋል?»

አያታችን እርሳሱን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ተራው የማን ነው?» አሉ።

ያ ጦረኛና ሌባ ዛሬ ዘመሮ ውስጥ ቄስ ነው። ስልክ ደውዬ፣ «አንተስ የቆሎ ተማሪ ሳለህ ዶሮ ሰርቀሃል?» ስለው፣

«ተራው የማን ነው?» ይለኛል።