በግራ በኩል ያለችው ዓሣ

የሰፈሩ ሰው «አስማሚው» ይለዋል። ቤት ሻጭና ገዢን፣ አከራይና ተከራይን ማገናኘት ኑሮው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አፉ ስለማያርፍም ጭምር ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲያሳይ «ብርሃኑን እዩልኝማ!» ይላል። ጓዳው መፈናፈኛ ያሳጣ እንደሆነ «ለጽዳት እንዴት ይመቻል መሰላችሁ» ይላል። ሚስቱን እንኳ ራሱን በራሱ ደልሎ ነው ያገባት እየተባለ ይቀለድበታል። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ የባሰ። ስለ ጋብቻቸው ሲነሳ «ጣሪያውን ሳላይ ፈረምኩ» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ በሳቅ ስታፈርስ የኖረች ሴት ናት።

ታዲያ ይቺ ሴት አንድ ማለዳ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች በዚያው ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ግራ እጇና ግራ እግሯ ከዷት። ንግግሯ ትንሽ ተሳሰረ እንጂ አልጠፋም፤ ሆኖም ያ ሁሉ ምላስ ዝም አለ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን አስማሚው እንደ ምንም ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላውን ነው። ለሚስቱ ግራ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ዓይኗ ደህና ነው፤ ሐኪሞቹ መርምረው አረጋግጠዋል። በግራ በኩል ያለውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ የተወው አንጎሏ ነው። ምሳ ሲቀርብላት የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ብቻ በልታ «ምነው እንዲህ አሳነስከው?» ትላለች። እሱ ሳህኑን ሲያዞርላት የተጨመረላት ይመስላትና ትቀጥላለች። በግራዋ ቆሞ ሲጠራት ደግሞ እሱን ፍለጋ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ወደ ባዶው ግድግዳ። ዕድሜ ልኩን አብሯት የኖረ ባል እንድታየው ከፈለገ አልጋውን ዞሮ፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ እየተሸጎጠ መቆም ነበረበት።

ቤት ድረስ እየመጣች ሰውነቷን የምታሠራት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነገር አሽሞንሙና መናገር አትወድም። አንድ ቀን ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አቆመችው።

«ጋሼ፣ እግራቸው ይጠነክራል፤ እሱ አያሳስበኝም። ግራቸውን ካላዩ ግን ላስኬዳቸው አልችልም። ከበሩ ይጋጫሉ፣ ከደረጃ ይወድቃሉ። አንጎል ደግሞ በደንብ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ጊዜው እያመለጠን ነው። በግራቸው በኩል የሚንቀሳቀስ ነገር ያስቀምጡላቸው። እሱን ብለው እንዲዞሩ።»

አስማሚው ቴሌቪዥኑን ወደ ግራ አዞረ፤ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። አበባ አመጣ፤ ደረቀ። ታላቅ እህቷን በግራ በኩል አስቀምጦ ወሬ እንድታወራላት አደረገ፤ እህቲቱ ከግድግዳ ጋር ስታወራ የዋለች ያህል ተናዳ ሄደች። ሰውየው መላው ጠፋበት። ሻወር ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ማልቀስ ለመደ፤ ውሃው ድምፁን እንዲሸፍንለት።

አንድ ቀን ለደንበኛ ሱቅ ሊያሳይ ሄዶ ባለቤቱ ስለዘገየበት አጠገቡ ያለው የጌጥ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴት ከሻጩ ጋር ትከራከራለች። አፏ ከሻጩ ጋር ነው፤ ዓይኗ ግን ነጭ ቀበቶ የታጠቀች አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሴትየዋ ራሷ ልብ አላለችውም። አስማሚው ግን አስተዋለው።

«ይቺን እፈልጋለሁ» አለ ሴትየዋ ስትወጣ።

«ገንዳ አለዎት?»

«የለኝም።»

ሻጩ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ለጀማሪ የወንዝ ዓሣ ይሻላል። ይቺ የባሕር ናት፤ ጨው ውሃ ነው የምትኖረው። ትንሽ ገንዳ ደግሞ ከትልቁ የባሰ ያስቸግራል። ጥፋት አይሸከምም።»

«ጨው ከሆነ ችግሩ፣ ወጥ ቤት ሞልቷል።»

ሻጩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ግን ስለ ሚስቱ ሲሰማ ሳቁን ዋጠ፤ ወንበር አቅርቦለት ከሀ እስከ ፐ አስረዳው።

ገንዳው ከአልጋው በስተግራ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አስማሚው የተጣራ ውሃ በባልዲ እየሞላ፣ ለባሕር ዓሣ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው እየበጠበጠ፣ በመለኪያ እየለካ፣ ሲበዛበት እየቀነሰ፣ ሲያንስ እየጨመረ ገንዳውን ሞላ። አሸዋ አነጠፈ። ከባሕር የወጣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ደረደረ። ማሞቂያና ውሃ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ገጠመ። ከዚያ መጠበቅ መጣ። የዓሣን ቆሻሻ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ዓሣ አይገባም፤ ውሃው መብሰል አለበት ተባለ። ለአስማሚው መጠበቅ ከሞት አይሻልም። ጠዋት ጠዋት ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያውን ጠብ ያደርግበታል፤ ቀለሙ እንዳልሆነ ሲያይ ደግሞ ውሃውን እንደ ሰው ይሰድበዋል።

ታላቅ እህቷ መጥታ ገንዳውን አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ለታመመ ሰው አበባ ሲመጣ አይቻለሁ። አንተ ድንጋይ በጨው ቀቅለህ አቀረብክላት?»

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔስ ልታገስ። እሷ ናት ጊዜ የሌላት።»

ይህን አባባሏን ብዙ ቀን ይዞት ዞረ።

በመጨረሻ ቀለሙ የሚፈለገውን ሆነ፤ ዓሣዋ ገባች። ብቻዋን ስለሆነች ገንዳው ራሱ ለይቶ ማቆያዋ ነው አለ ሻጩ፤ በሽታ ቢኖርባት የምታስይዘው የለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሚስቱ ምንም አላየችም። ከዚያ አንድ ቀን አስማሚው ሳህኑን ሊያዞር እጁን ሲዘረጋ ራሷ ከትራሱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየ። እንደ ዛገ ማጠፊያ በግድ በግድ ነው የዞረው። ዓይኗ ከሳህኑ አልፎ፣ ከአልጋው ጠርዝ አልፎ ገንዳው ጥግ ደረሰ።

«ቀይ ነገር አለ» አለች።

አስማሚው ሳህኑን እንደያዘ ተንበረከከ። ደስታው መላ ቅጡን አሳጣው።

ቀበቶዋ ነጭ ስለሆነ ሚስቱ «ሙሽሪት» አለቻት። ሙሽሪት ወደ ድንጋዩ ጀርባ ስትገባ ሚስቱ አንገቷን ታስረዝማለች፤ ስትወጣ ትከተላታለች። የሳህኗ ግራ ግማሽም ይጎድል ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቷ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቆይታም ደግፋ አቆመቻት። ምላሷ እንኳ ተመለሰ፤ ለታላቅ እህቷ «ሙሽሪት ካንቺ ይልቅ ጨዋ ናት፣ አትጮህም» ስትል አስማሚው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በሳቅና በእንባ ፈነዳ።

አንድ ቀን ሚስቱ «ብቻዋን ናት?» አለችው።

«ብቻዋን ናት።»

«ምነው?»

ሌላ አላለችም። እሱ ግን ይህን እንደ ትእዛዝ ሰማው፤ በማግስቱ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ባል መረጠላት።

ሻጩ ዓሣውን ፌስታል ውስጥ ከማስገባቱ በፊት አደራ አለው። «ይኼኛው በቀጥታ አይገባም። ለብቻው በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ክፍል ይቆያል። ቢያንስ ወር ተሻግሮ። መረቡ ለብቻው፣ ኩባያው ለብቻው፣ ፎጣው ለብቻው። በሽታ ቢኖርበት እዚያው ይታያል፣ እዚያው ያክሙታል። ጠብታ እንኳ እንዳያሻግሩ።»

«በጄ» አለ አስማሚው።

ሙሽራውን ሻወር ቤት ውስጥ፣ ማሞቂያና ስፖንጅ ማጣሪያ ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ለብቻው አኖረው። መረቡን ለየ። ፎጣውን ለየ። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ይህን ሁሉ ላደረገ ሰው እንደው አንዷን ነገር ብቻ መተው ምን ነበረበት? ግን አስማሚው አስማሚ ነው። በሥራው ሁለት ወገን ሳያስተዋውቅ ውል አያፈራርምም። አስቀድሞ የአንዱን ወሬ ለሌላው ይወስዳል፣ የሌላውን ለአንዱ ያመጣል፣ ሆዳቸው ሲላላ ያገናኛቸዋል። ዓሣ ደግሞ የሚተዋወቀው በጠረን ነው ብሎ አሰበ። እንዲሁ በድንገት ቢገናኙ ሙሽሪት ብትነክሰውስ? ስለዚህ በየማለዳው ከሻወር ቤቱ አንድ ኩባያ ውሃ ቀድቶ ሙሽሪት ገንዳ ውስጥ ያፈሳል፤ ከሙሽሪትም ቀድቶ ለሙሽራው ይወስዳል። ሻጩ የከለከለው ዓሣውን እንዲያ በቀጥታ መቀላቀልን ነው፣ ጠብታ ያለውም ለመረብና ለፎጣው ነው ብሎ ራሱን በራሱ አስማማ። ሚስቱም ታየዋለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሰላምታ እያደረስኩ።»

ሚስቱ ሳቀች። ያቺን ሳቅ ለማግኘት አስማሚው ባሕሩን ሁሉ በኩባያ ቢያመላልስ አይደክመውም ነበር።

ሙሽራው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፤ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ተሯሩጦ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሙሽሪት ጎኗን ከድንጋዩ ጋር ትፈትጋለች። ክንፎቿ ላይ ያው ነጭ ነጥብ አለ። ሻጩ ዘንድ ደወለ።

ሻጩ ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ተሰማ። «ውሃ አሻግረዋል እንዴ?»

«አንድ ኩባያ…»

ከዚያ ሻጩ በደከመ ድምፅ ተናገረ። ነጭ ነጥቡን የሚያመጣው ተባይ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ኩባያ ለሱ መርከብ ነው። ሙሽሪትም ወጥታ ሻወር ቤት ትግባ፤ ሁለቱም መዳብ ባለው መድኃኒት ይታከሙ። ገንዳው ግን ድንጋይና አሸዋ ስላለበት መድኃኒቱ አይገባበትም፤ ተባዩ ተርቦ እስኪያልቅ ለረጅም ጊዜ ያለ ዓሣ ይቀመጥ። የዳነ ዓሣም፣ አዲስ ዓሣም አይግባበት።

አስማሚው ሙሽሪትን በመረብ አወጣት። ሚስቱ ተኝታ ነበር። መድኃኒቱን ለክቶ ጨመረ፤ ሳጥኑ አጠገብ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ደግሞ ለመናት። አዎ፣ ሰው ዓሣን ለመነ። «እባክሽ፣ ለሷ ስትይ» አላት። ሙሽሪት እንደ ደከመች ሰው ቶሎ ቶሎ ተነፈሰች። ከቀናት በኋላ አፏን ከፍታ ታች ተጋድማ አገኛት። ሙሽራውም ተከተላት።

«የት ሄደች?» አለች ሚስቱ።

«ሐኪም ቤት ናት። ትንሽ አሟት ነው። ትመጣለች።»

እንዲህ ሲል አልተደናቀፈም። አፉ ለምዶታል። ሚስቱም ጥቂት ቀን ባዶውን ውሃ ጠበቀች። ከዚያ ተወችው። ራሷ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ የሳህኑ ግራ ግማሽ እንዳለ መቅረት ጀመረ። ፊዚዮቴራፒስቷ ልታስኬዳት ስትሞክር ትከሻዋ ከበሩ መቃን ተጋጨ፤ ሚስቱ ማን እንደመታት አታውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ሄደናል» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። «ምን ተፈጠረ?»

አስማሚው በሥራው የዋሸው ውሸት ሁሉ ተደምሮ የዚህችን አንዲት «ትመጣለች» ያህል አልከበደውም። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትሄድ መኝታ ቤት ገባ፤ አልጋውን ዞረ፤ በጠባቧ ቦታ ተሸጎጠ፤ ሚስቱ አየችው።

«ሙሽሪት ሞታለች» አላት።

«መቼ?»

«ያኔ ነው። ሐኪም ቤት ናት ያልኩሽ ጊዜ።»

«በምን?»

«በኔ። ያ ኩባያ ነው። ጠብታ እንዳታሻግር ብሎኝ ነበር።»

«እየነገረህ?»

«እየነገረኝ።»

የሚስቱ ደህና እጅ አንሶላውን ጨመደደው። ብትሰድበው በወደደ፤ ጣሪያውን ሳላይ ፈረምኩ ብትለውም በወደደ።

«ዞር በል ከፊቴ» አለችው።

አስማሚው ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ አልጋ፤ ያለበት ቆመ። ሚስቱ ጠበቀችው። እንደማይሄድ ስታውቅ ራሷ ዞረች። ፊቷ ከሱ ተነሳ፤ በጣሪያው አለፈ፣ በበሩ አለፈ፤ በልምምድ ጊዜ የፊዚዮቴራፒስቷ ጣት እየመራ አድርሷት ከሚያውቀው ቦታ ሁሉ አለፈ። ጉንጯ ግራ ትራሱ ላይ አረፈ። ዓሣ በሌለበት ውሃ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች።

አስማሚው የሚያየው የጭንቅላቷን ጀርባ ብቻ ሆነ። በነዚያ ወራት ሁሉ ሲለምነው የኖረው ይኼው ወደ ግራ መዞሯን ነው፤ የመጣው ግን እሱን ላለማየት ሆኖ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷን ልጥራ አለ፣ ልጩህ አለ፣ ላልቅስ አለ፤ አንዱንም አላደረገም። በዚያ በኩል ሄዶ እንድታየው ብቻ ጓጓ።

«በግራ በኩል ልምጣ?» አላት።

«እንዳትመጣ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

አልሄደም። ባለበት ቆሞ ቀረ።