ቢጫዋ መብራትና የሊማሊሞው ሹፌር

ስደት በጨለማ ነው ይባላል። እኔ ግን ከጎንደር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየኝ ነው። ልጄ ከዲጃ ካናዳ ከገባች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። እናቷ ስትሞት «አባባ፣ ብቻህን አትቀመጥም» ብላ ወረቀቱን አስጨረሰችልኝ። የጭነት ማኪናዬን ሸጬ ቁልፉን ለገዢው ካስረከብኩ በኋላ ቀኝ እጄን ምን ላይ እንደማሳርፈው ጠፋኝ። እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የታክሲውን በር እጀታ ጨብጬ ሄድኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከኮላ ድባ እህል እየጫንኩ፣ በጎንደርና በደባርቅ አልፌ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርጄ ዛሪማ አራግፌያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ጆንያ ላይና ከፊቴ በሚሄድ ማኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው። ይህን የምጽፈው ልመካበት ብዬ አይደለም። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ አስተማሪ ስላልነበረው የሚያርመውም አልነበረውም።

ካልጋሪ ሸጋ ከተማ ናት። ብርዷ የደባርቅን ብርድ ካፖርት ያስመስለዋል፣ ቅቤዋም ሽታ የለውም፣ ሰዉ ግን ወረፋ ያከብራል። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ይሰለፋሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር በመናኸሪያ ስንት ሽማግሌ በክርኔ ገፍቼ እንዳለፍኩ ትዝ እያለኝ አፍራለሁ።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ከዲጃ ቢሮ ይዛኝ ሄደች። እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ስንት ዓመት ነድተሃል አለችኝ፤ ሃያ ስድስት አልኳት። ማስረጃ አለህ ወይ አለች።

«ሊማሊሞን ነድቼ በሕይወት አለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም በያት» አልኩ ከዲጃን።

ከዲጃ ምን ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም፣ ሴትዮዋ ግን ለጽሑፍ ፈተና የሚጠና መጽሐፍ ሰጠችኝ። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረልኝ ሥራ የልጄን ማኪና መንከባከብ ብቻ ሆነ።

ከዲጃ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ሰኞ ሰኞ በማለዳ ተነሥታ አንድ ሰዓት ተኩል ትነዳለች። መንገዱ ከከፍታው ወደ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ ሁለት ሌሊት አድራ ረቡዕ ትመለሳለች። እኔም ሱብሒ ከሰገድኩ በኋላ ወጥቼ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ። እኛ አገር ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌ እዚህ በጋ ነው። ያን ዓመት ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታቀልጠው ዛሪማ ያለሁ እየመሰለኝ፣ ከአራቱም ጎማ ጥቂት ጥቂት አየር መቀነስ ጀመርኩ።

የሊማሊሞ ሹፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ቁልቁለቱን ከመውረዳችን በፊት ደባርቅ ላይ ቆመን ከየጎማው አየር እንቀንሳለን፤ ቆላ ስንገባ አየሩ አብጦ ጎማውን እንዳያፈነዳው ብለን። ረዳት ሳለሁ እኔን ያስተማረኝ የእኔ አለቃ ነው፣ እሱንም የእሱ አለቃ። ቢስሚላህ ብሎ ማኪና እንደማስነሣት ያለ ነገር ስለሆነ ለከዲጃ አልነገርኳትም። ቢስሚላህ አልኩ ብሎ ወሬ የሚያወራ ሰው የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ስትመለስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ አሳየችኝ። ቢጫ ናት፤ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ቅርጽ መካከል ቃለ አጋኖ አለባት። የጎማ መብራት ናት አለችኝ። ወርጄ አራቱንም ጎማ በእግሬ መታሁና ጎማው ጤነኛ ነው፣ የታመመችው መብራቷ ናት ብዬ ፈረድኩ። የቀነስኩት አየር ጎማውን የሚያድነው ስለሚመስለኝ፣ መብራቷ በእሱ ትቆጣለች ብዬ ጭራሽ አላሰብኩም።

ሐሙስ ጎሚስታ ቤት ሄደች። ዳኒሎ የሚባል የፊሊፒንስ ሰው አየር ሞላላት፣ መብራቷ ጠፋች። ሰኞ ተመልሳ በራች። ሐሙስ ሞላ፣ ሰኞ በራች። አራት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ልጄ አውራ ጎዳናው ላይ ግዙፍ ማኪናዎች በጎኗ እያለፉ፣ ጎማው አሁን ይፈነዳል በሚል ፍርሃት ዳር ይዛ ቆማ አለቀሰች። ቤት ስትገባ፣ ይህ ሰው አዲስ ጎማ ሊሸጥልኝ ብሎ ነው የሚጫወትብኝ አለች። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ፣ የጎሚስታ ነገር የትም አገር አንድ ነው ብዬ እሳቱን አራገብኩት። ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

በማግስቱ ለጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ልትከስ ስትሄድ ሹፌር ስለሆንኩ ምስክሯ አድርጋ ይዛኝ ሄደች። ባለቤቱ ቁመተ ረጅም ነው፤ እጁን አጣምሮ ሰማት። ከዚያ ዳኒሎን ጠርቶ፣ ሴትዮዋ ያለችው እውነት ከሆነ ዛሬ የመጨረሻ ቀንህ ነው አለው። ዳኒሎ ስድሳ የሚሞላው፣ አጭር፣ ጣቶቹ እንደኛ አገር ጎሚስታ ጣት በጥቁር ቅባት የተለወሱ ሰው ነው። አልጮኸም፣ አልማለም። ከመሣቢያው በዘይት የተነከረ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ልጄ በመጣችበት ቀን ሁሉ የእያንዳንዱ ጎማ አየር ሲመጣ ስንት እንደነበረ፣ ሲሄድ ስንት እንደሆነ ጽፏል። ማንም አላዘዘውም። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ጎሚስታ አላየሁም፤ እኔም ለራሴ ማኪና አልያዝኩም። ሰውየውን በዚያች ቅጽበት አከበርኩት።

ጣቱን ቁጥሮቹ ላይ እያሳለፈ ተናገረ። ምን እንዳለ ከዲጃን ጠየቅኋት።

«አራቱም ጎማ ሁልጊዜ እኩል ነው የሚቀንሰው ይላል። ሚስማር አራት ጎማ እኩል አይወጋም፣ የሰው እጅ አለበት ነው የሚለው። አየኸው አባባ፣ ራሱን አጋለጠ።»

አንድ ቃል ባልተነፍስ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ሰውየው ከሥራው ይባረራል፣ እኔ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አየሩን እተዋለሁ፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ ልጄም አባቴ ያለው እውነት ነበር ትላለች። ይህ ሁሉ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ በልቤ አለፈ። ውሸት የጠላሁ ሰው ነኝ እያልኩ ልጄን በአለንጋ ያሳደግሁ ሰው፣ ውሸት እንዲህ ቀላል ሆኖ እንደሚቀርብ ያን ቀን ተማርኩ።

«ከዲጃ፣ እጁ የኔ ነው» አልኳት።

«የምን እጅ?»

«ሰኞ ሰኞ አየሩን የምቀንሰው እኔ ነኝ። ለቁልቁለቱ።»

ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «አባባ፣ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አላዋቂ ስለሆንኩ። አሁን ተርጉሚላቸው።»

«እዚህ፣ ሰው ፊት?»

«እዚሁ።»

ተረጎመችው። ባለቤቱ በመጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ቀጥሎ እስኪያነባ ሳቀ። ዳኒሎ ግን አልሳቀም። ቁልቁለቱ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ጭነቱ ስንት ኩንታል ነው፣ ፍሬኑስ እንዴት ነው እያለ በልጄ በኩል ይጠይቀኝ ጀመር። ላሳጣው የመጣሁትን እኔን እንደ ባለሙያ አነጋገረኝ። ከዚያ ቁራጭ ሽቦ አንሥቶ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ አጠፈውና የታጠፈውን ቦታ ጣቴ ላይ አስነካኝ። አቃጠለኝ። አየር የጎደለው ጎማ መንገድ ላይ እንደዚህ ሽቦ ይተጣጠፋል አለ። ጎማን ይበልጥ የሚያግለው የቆላው ፀሐይ ሳይሆን መተጣጠፉ ነው፤ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያልገባኝን በአንድ ክንድ ሽቦ አስረዳኝ። ከዲጃ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እጇን ጨበጠና ለእኔ ደግሞ የአየር መለኪያ ሰጠኝ። ያቺንም መብራት ወደድኳት። ለሽማግሌም ለሹፌርም አታዳላም፣ ያየችውን ብቻ ትናገራለች።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ሰው ነው። ደባርቅ ላይ አያ ወርቁ የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ከፍ የሚል የመካነ ብርሃን ሰው። አንድ ጊዜ እሱ የለጠፈልኝ ጎማ ዛሪማ ልገባ ስል ፈነዳ። አየር ቀንሼ ነበር የወረድኩት። ማኪናዋ ገደል አፍ ላይ ቆመች። ተመልሼ የበሰበሰ ልጣፍ ለጥፎ ሊገድለኝ ነበር ብዬ ሽማግሌ ሰብስቤ ከሰስኩት። በማርያም ማለ። አላመንኩትም፤ ሹፌሮቹም እኔን አመኑ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁን ዘግቶ ወደ እርሻው ገባ።

ስልኩን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲያነሣው ከጀርባው ሰው በሬ ሲነዳ ይሰማል።

«አያ ወርቁ፣ ሰዒድ ነኝ፣ ሹፌሩ።»

«አወቅሁህ» አለ።

ስለ መብራቷ፣ ስለ ዳኒሎ፣ ስለ ሽቦው ነገርኩት። «ልጣፍህ ደኅና ነበር። ጎማውን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ» አልኩት።

«እኔማ ያን ዕለትም አውቄዋለሁ። አፉ ብያለሁ፣ እግዜር አፉ ይበልህ። ነገር ግን ሰዒድ፣ ያኔ የከሰስኸኝ ደባርቅ መሐል፣ በሹፌር ሁሉ ፊት ነው። ዛሬ የነገርኸኝ ለጆሮዬ ብቻ ነው። ልጆቼ ገበያ ሲወጡ አሁንም የበሰበሰ ልጣፍ የሚለጥፈው ሰውዬ ልጆች ይባላሉ። መቼ ትመጣለህ?»

«ኢንሻላህ» አልኩት።

አያ ወርቁ ስልኩን አልዘጋውም። ቀኑን እስክነግረው ይጠብቅ ነበር።