የጎመን ውሃ ሲደፋ

የአትክልትን ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ከሬዲዮ ነው፣ ከልጆቼ የሳይንስ መጽሐፍ ነው፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ነው። ካሮት ለዓይን፣ ቲማቲም ለቫይታሚን ሲ፣ ጎመን ለደምና ለአጥንት። በጎመን በተለይ ጎረቤቱን አሰልችቼ ነበር። “የቀቀላችሁበትን ውሃ አትድፉ፣ ብዙው ጥቅም እዚያ ውስጥ ነው” እያልኩ ሰው ማድ ቤት ድረስ እገባለሁ። “መጣች ሐኪሟ፣ ድስቱን ደብቁ!” ይሉኛል። እንስቅ ነበር።

ከዚያ የባለቤቴ ኩላሊት ታመመ።

ከኦቶና ሆስፒታል ስንመለስ የማውቀው ሁሉ ተገልብጦብኝ ነው የተመለስኩት። ደሙ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር በዝቷል፤ ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፣ የእሱ አልቻለም፣ ሲከማች ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል አሉን። የት የት እንደሚገኝ ሲነግሩን፣ እኔ ሳመሰግናቸው የኖርኩት ናቸው ተራ በተራ የሚጠሩት፦ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ጎመን። ሙዝም። ከኪያርና ከሰላጣ ቅጠል ትንሽ ትንሽ ይብላ፤ ጎመን ካማረው ደቅቆ ይከተፍ፣ በብዙ ውሃ ይቀቀል፣ ውሃው ይደፋ። “ይደፋ” የምትለዋን ቃል ነርሷን አስደገምኳት።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቲማቲም በቃሪያና በሽንኩርት ተከትፎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ካልቀረበለት ምሳ የበላ አይመስለውም ነበር። አሁን ኪያሩን ያገላብጥና “ይሄኮ በሹካ የሚበላ ውሃ ነው” ይለኛል።

እዚህ ሶዶ ደግሞ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዙ፣ አቮካዶው በፌስታል ይመጣል። ሰዎቹ ጸልየውለት ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ይሄዳሉ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ እኔ አንስቼ ለጎረቤት ልጆች እሰጣለሁ።

ለእናቱ ጨጓራ ነው ብሏቸዋል። ታናሽ ወንድሙን በኩላሊት ነው የቀበሩት። “ስሙን ከሰማች በቁሟ ትሞታለች፣ እንዳትነግሪያት” ብሎ ቃል አስገብቶኛል።

እናቱ ከሃላሌ ሲመጡ ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በከረጢት ሞልተው ነበር። ልክ ጎመኑን አጥልዬ ውሃውን ደጅ ስደፋ ደረሱ። አረንጓዴውን ውሃ አዩት። ገብተው ደግሞ የልጃቸውን የጎደለ ጉንጭ አዩት።

“ምኑን ነው የምትደፊው?” አሉኝ በወላይትኛ።

“ጨጓራውን እንዳይነካው ነው፣ እማዬ።”

“ጎመን ማንን ነክቶ ያውቃል? በጎመን አይደል ያሳደግኩት!”

ምሳ ላይ አቮካዶውን ራሳቸው ልጠው በሳህን ጨፈለቁት። “ያንን ኪያርሽን ከፊቱ አንሺልኝ። ልጄን በራብ ልትገይው ነው? ባሏን የምትጠላ እንኳ እንዲህ አታደርግም።”

ቃል ገብቻለሁና ኪያሩን አነሳሁ። ማንኪያውን ወደ አፉ ወሰዱት። እናቱን ማስከፋት አይችልም፣ ይውጠዋል። ዛሬ ከዋጠ ነገም ይውጣል፤ እሳቸው ሊሰነብቱ ነው የመጡት። እጄን ልዘረጋ ስል እሱ የእናቱን እጅ ያዘ።

“እማ፣ እሷን ተያት። ኩላሊቴ ነው።”

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። “አንተም?” ብቻ አሉ። ማንኪያውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት።

ወደ ማታ ማድ ቤት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቢላዋውን ከእጄ ወስደው የራቱን ጎመን መክተፍ ጀመሩ። “ከዚህም ይድቀቅ?” ይላሉ። “ይድቀቅ” እላለሁ። ሲበስል አጠለልነው። ውሃውን እሳቸው ይዘው ወጡ፣ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

“ይሄ ሁሉ ከወጣ ለልጄ ምን ይቀርለታል?”

“ትንሽ ይቀራል፣ እማዬ።”

“ምን ያህል?”

አላውቅም አልኳቸው። ደፉት።

ሃላሌ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ጎመኑን የሚቀቅሉት እሳቸው ናቸው። እሱ ግን ሳህኑን ሳይነካ የሚመልስበት ቀን እየበዛ ነው። የመለሰውን ሁለታችን አንድ ላይ ቁጭ ብለን እንበላዋለን፤ ጣዕም የለውም፣ ግን መድፋቱ ከበደን።