የአያ እጅጉ አፍንጫና የሽንዲ በርበሬ

አያ እጅጉ ከሽንዲ የሚበልጥ አገር እግዜር አልፈጠረም ባይ ነበሩ። ምኞታቸውም አንድ ነው፤ እዚያው ኖረው እዚያው መቀበር። አፍንጫቸው ግን አልተስማማም። ኅዳር ሲገባ የሽንዲ ደጅ ሁሉ በስጥ በርበሬ ይቀላል፤ እሳቸውም እስከ ጥር ሲያስነጥሱ ይከርማሉ። ማስነጠሳቸው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ማሳ የገባ ዝንጀሮ ሲሰማቸው ወንዝ ይሻገር ነበር፤ እኛም ጠባቂ ከመቅጠር ዳንን ብለን እንስቅ ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ሰፍሮ ወደኛ መውረድ ሲጀምር ሳቁ ቀረ። ጦር መጣ በተባለ ቁጥር እህልና በርበሬያችንን ተሸክመን ከመንገዱ በታች ያለው ገደል ውስጥ እንሸሸጋለን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አርባ ሰው ትንፋሹን ውጦ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቷል፤ ጦሩ ከራሳችን በላይ ያልፋል። አያ እጅጉ የተኙት፣ ልብ በሉ፣ የበርበሬ ስልቻ ተንተርሰው ነው። ማንን ልውቀስ?

አስነጠሱ።

ይህስ ባልከፋ። ግን ያደግነው በሥርዓት ነውና አርባችንም ባንድ አፍ፣ «ይማርዎ!» አልን። እሳቸውም ባለጌ አይደሉም፤ «ያኑራችሁ!» ብለው መለሱ። ከላይ ከመንገዱ ደግሞ ከጣሊያን ጋር የሚሄድ አንድ ባንዳ፣ እሱንም እናት አሳድጋዋለችና፣ «ይማርዎ!» ብሎ አከለበት።

የጣሊያኑ ሹም ጮኸ፤ ባንዳው መለሰ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ መለሰ። የደብራችን ቄስ አባ ክንፈሚካኤል በዓይናቸው ሊያናዝዙን ጀመሩ። ኋላ ጦሩ መንገዱን ቀጠለ። ምን እንደተባባሉ የሰማነው በሳምንቱ ገበያ ላይ ነው።

«ምንድን ነው?» ቢለው ሹሙ፣ «ዝንጀሮ ነው ጌታዬ» ብሎ ኖሯል።

«ያ ሁሉ ጩኸትስ?»

«መንጋው ነው።»

«አንተስ ምን ሆነህ ጮህክ?»

«በኛ አገር ዝንጀሮም ቢያስነጥስ ሳይመረቅ አይታለፍም።»

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዝንጀሮ ሁለተኛ አያድነንም ተባለ። ‘ይማርዎ’ ማለታችንን እንተው ያለ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነውር ማን ደፍሮ ይናገራል?

«እጅጉ ልጄ» አሉ አባ ክንፈሚካኤል፣ «ምላስ ይገዘታል፤ አፍንጫን ግን ማን ይገዝታል? ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ እህትህ ዘንድ ሂድ። ደጋ ነው፤ በርበሬ አያበቅልም።»

«አንቱ አባቴ፣ አፍንጫዬ ይቆረጥና እኔ ልቅር።»

«አፍንጫህ ብቻውን እህትህ ዘንድ አይሄድ!»

ሁሉም ሳቀ፤ አያ እጅጉ ብቻ አለቀሱ። ባለቤታቸው እቴ ሀብትነሽ ቀሩ፤ ርስት ባዶውን ካደረ ዘመድ ይቀራመተዋላ።

ቋሪት ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ ብርድ ነው። አያ እጅጉ አንዴም ሳያስነጥሱ ዓመታት አለፉ። በሽንዲ በኩል የመጣ መንገደኛ ካገኙ አስቁመው ማሳውን ሁሉ በየስሙ ይጠይቁታል፤ ሲሰናበቱትም «ጤና ገደለኝ በሉልኝ» ይሉታል።

በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ሲወጣ በሳምንቱ ከች አሉ። አፍንጫቸው ግን በደጋ ተሞላቅቆ ኖሯል። እቤት የተቀመጠው በርበሬ ብቻ በሦስት ቀን ዓይናቸውን አሳበጠው፤ ትንፋሻቸውን አሳጠረው። በአራተኛው ቀን እቴ ሀብትነሽ በቅሎውን ጫኑና፣ «ይሂዱልኝ፤ ሬሳዎ ምን ይሠራልኛል?» አሏቸው። ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ መጥተው ከሽንዲ በላይ ካለው ኮረብታ ይቆማሉ፤ ከዚያ አልፈው አይወርዱም። ሽታው ሲደርሳቸው ያስነጥሳሉ። እኛ ሥራችንን አቁመን «ይማርዎ!» እንላለን። «ያኑራችሁ!» ይላሉ፤ ምሳቸውን እዚያው ከእቴ ሀብትነሽ ጋር በልተው ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት ነፋሱ ወደ ዓባይ ዞረ። አያ እጅጉ አፍንጫቸውን ቀስረው ቆሙ፤ እኛም ቅርጫታችንን ይዘን ቆምን። ምንም የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። አያ እጅጉ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ በቅሏቸው ዞሩ።

«ወይ እኔን!» አሉ እቴ ሀብትነሽ። ከስጡ አንድ እፍኝ በርበሬ ዘግነው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ኮረብታውን በሩጫ ወጡት። ባላቸው አፍንጫ ሥር ሲያደቁት ከታች አየን።

ሁለት ማስነጠስ ተሰማ፤ ሁለተኛው የእቴ ሀብትነሽ ነው። «ይማራችሁ!» አልን፣ ሽንዲ በሙሉ። «ያኑራችሁ!» ያሉንም ሁለቱም ነበሩ።