የአባዬ ጥቁር ቸርኬዎች

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ሳመነታ ሰነበትኩ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም። ነገሩ የአባቴ ብስክሌትና የሁለት ጎማዎች ጉዳይ ነው። ቢሆንም እንደ እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያደጋችሁ፣ በልጅነታችሁ ሱቅም ሆነ ሐኪም ቤት የወላጆቻችሁ አፍ የነበራችሁ፣ ምናልባት ትረዱኝ ይሆናል።

ልጅ እያለሁ ፒከሪንግተን በሚገኘው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። ቦታው የአባዬ ነበር። ስትገቡ የግራሶና የጎማ ሽታ ይቀበላችኋል፣ ግድግዳው ላይ መፍቻዎች በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። አባዬ በወጣትነቱ የክለብ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እዚህ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ይሠራ ነበር፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ የልጁን ሳይክል ጭኖ ያመጣለታል። የተጣመመ ጎማ ሲመጣለት ራጂዎቹን፣ ማለትም ቀጫጭን የብረት ዘንጎቹን፣ አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ በድምፃቸው ነበር የላላውን የሚለየው። «ስሚ፣ ይሄኛው አኩርፏል» ይለኝ ነበር።

የራሱ ብስክሌት አፐር አርሊንግተን ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ያርድ ሴል፣ ግቢ ላይ ከሚሸጥ አሮጌ ዕቃ መሃል፣ የገዛት ቀጭን የአስፋልት ብስክሌት ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛው ከጋሼ ደምሴ ጋር የኦለንታንጂን ወንዝ ተከትለው ይጋልባሉ። ጋሼ ደምሴ አዲስ ብስክሌት ስለነበረው አባዬን ሳይተነኩስ አይውልም። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሳይክል እኮ ጡረታ ውጪ ብትባል ደስታዋ ነው» ይላል። አባዬም ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን እየጠረገ፣ «አንተን ከኋላዋ ማየት አልጠገበችም» ይለዋል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ በቦረቦረው መንገድ ብስክሌቷ ጉድጓድ ገባችና የፊት ቸርኬዋ፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ተጣመመ። የኋላውም ዝጎ ነበር። አባዬ ሁለቱንም ሊቀይር ወሰነና ሱቅ አብሬው ሄድኩ። የሄድኩት ለመናገር ነው። አባዬ ሥራ ቦታው ላይ እንግሊዝኛ አያንሰውም፣ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራበት ግን ወደ እኔ ይዞራል። ቤታችን ውስጥ ፎርም መሙላትና ስልክ ማናገርም የእኔ ሥራ ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

ሱቁ በአዲስ ጎማ ሽታ ታውዷል። አባዬ ብዙ አማረጠ። ጎማዎቹን በአውራ ጣቱ ተጫናቸው፣ ጥርሳቸውን ዳሰሰ፣ «ጎማ የሚመረጠው ለዓይን ሳይሆን ለመንገድ ነው» ብሎም መከረኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ጥቁር ቸርኬዎች አየ። አንዱን አስወርዶ በጣቱ አሽከረከረውና ጆሮውን አስጠግቶ ትክ ትክ የሚለውን ድምፅ አዳመጠ። ፈገግ አለ። ያን ዓመት አገር ቤት ሄዶ አያቴን መቅበር ስላልቻለ ከወራት በፊት ጀምሮ ፈገግታ ጠፍቶበት ነበር።

ጺማሙ ሻጭ ሜትር አውጥቶ አሮጌውን ቸርኬ ለካ። ከዚያ እየደጋገመ፣ ልጅ እንዲገባው አድርጎ ነገረኝ፦ የአባትሽ ብስክሌት የድሮ ልክ ናት፣ እነዚህ በጥቂቱ ያንሳሉ፣ ፍሬኗ ዝቅ ብሎ ብረቱ ጋ ስለማይደርስ ጎማውን ይነክሳል። የድሮውን ልክ ላዝዝላችሁ እችላለሁ፣ ግን መልኩ ተራ ነው፣ ለመምጣትም ይቆያል። ይህን ንገሪው አለኝ።

ሁሉም ገብቶኛል። በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው፤ አባዬ ቸርኬና ፍሬን ሲል እኔ የማውቀው ሪምና ብሬክ ነበር። ግን በእጄ እያሳየሁ ማስረዳት እችል ነበር። ያላስረዳሁት ፈገግታው እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው።

«ምን አለ?» አለኝ አባዬ።

«ይሆናል አለ።»

ሻጩን ደግሞ፣ አባቴ ፍሬኑን ራሱ ይቀይረዋል አልኩት።

ማታውኑ ጋራዥ ውስጥ ገጠማቸው። ከመነዳሪውን፣ የሚነፋውን የውስጥ ጎማ፣ ጎማው ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ፓውደር ቀባው፤ እንዳይጣበቅ ነው። ፍሬኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። የፍሬኑን ላስቲክ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው፤ አሁንም ጫፉ ጎማውን ነካ። በሞረድ የማሠሪያውን ቀዳዳ አሰፋውና እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሻጩ ልጅ በእርግጥ ይሆናል ነው ያለው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ» አለና አሠረው።

ቅዳሜ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተቀዶ ፈነዳ። ጋሼ ደምሴ ለእማዬ ኮል አድርጎ እያለቃቀሰ ነበር የነገራት። የአባዬ የቀኝ ትከሻና ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበሩ። ትከሻው ዳግመኛ ስላልተስተካከለ ሥራ ቦታው ሽማግሌዎቹን ማንሳት አቃተውና እዚያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል መደቡት። ይህን ሁሉ ግን ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነገር ነበር። «እጄ ሙያውን ረሳ። ያቺን ፍሬን ያሠርኳት እኔው ነኝ» ይላል። እሑድ ሳይክል ይዘው የሚመጡትን፣ የልጅ ነፍስ በእጄ አላስገባም ብሎ ወደ ሱቅ ይልካቸው ጀመር። አንድ ቀን መፍቻዎቹ ከግድግዳው ወርደው በካርቶን ታሸጉ፣ መኪናችንም ጋራዥ መግባት ጀመረ። ከሁሉ የከፋኝ ጋሼ ደምሴ መተንኮሱን መተዉ ነው። ሲመጣ ስለ አየሩ ብቻ አውርቶ ይሄዳል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደኝ። በየዓመቱ ልናገር እነሣና እማዬ መጣች፣ ፈተና ደረሰ፣ አባዬ ደክሞታል እያልኩ እተወዋለሁ። እንዲህ ሰባት ዓመት ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያደረሰኝ አባዬ ነው። ዶርሙ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ሻንጣ ሊያወርድ ሲል፣ ቆይ አልኩት። ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን በአማርኛ፣ ቸርኬውንም ፍሬኑንም በስማቸው እየጠራሁ፣ ከሻጩ ቃል ጀምሬ ነገርኩት። ስጨርስ መሪው ላይ ያሉትን እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አየ።

«እጄ አልነበረም?»

«አልነበረም፣ አባዬ።»

«ሻጩ ልጅ በደንብ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር።»

ልጅ ነበርሽ እንዲለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። ከመኪናው ወርዶ፣ ከባዱን ሻንጣ በግራ እጁ አንጠልጥሎ ደረጃውን ወጣ። ሲሰናበተኝ ግንባሬን ሳመኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ያኔ አባዬ ዓለምን የሚሰማው በእኔ አፍ ነበር። አሁን ባንክም ሐኪምም ራሱ ያናግራል። የእኔም አማርኛ ተሻሽሏል፣ ምንም ቢጠይቀኝ ሳልቀንስ መንገር እችላለሁ። ምን አለ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። እጄ ሙያውን ረሳ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁም፤ ያቺ ውሸት ያበቃችው ዶርም ባደረሰኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።