ራህማ ያጠበችው የሩም ገንዘብ

በትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የነሐስ መብራቶቹ በሎሚና በአመድ ይወለወላሉ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ከሚወለውሉት አንዱ ነኝ። ሎሚው የነሐሱን ጥቁረት ሲበላ የሚወጣው ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር እጄ ይቆማል። አለቃችን ስንፍና ይመስለዋል። ስንፍና አይደለም። አሶሳ፣ ገበያው ሾላ ሥር የቆምኩ ይመስለኛል፤ ኻል ኢድሪስ «ማነው ያጠበው?» ብሎ ሲጮኽ እሰማዋለሁ።

ኻል በአሶሳ የእናት ወንድም የሚጠራበት ነው። ኢድሪስ ግን ዘመዴ አልነበረም። አባቴ ከጎጃም አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ መጥቶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ነበር፤ አጥራችን ከኢድሪስ አጥር ጋር ስለሚገናኝ እኔም እንደ በርታዎቹ ልጆች ኻል እለው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰውንም ገንዘብንም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰው ነበር። በገበያ ቀን ከሾላው ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሴቶች በአሞራ ላባ ቀዳዳ ውስጥ የከተቱትን የወርቅ ዱቄት፣ ከሱዳን የሚመጡት ጀላባ ነጋዴዎች ደግሞ የጠረጠሩትን ብር ያመጡለታል። በጥቁር ድንጋዩ ላይ ፈትጎ «ጥሩ» ካለ ጥሩ ነው። «ልብጥ» ካለ፣ ማለትም ላዩ ብር ውስጡ መዳብ ከሆነ፣ ያመጣው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ነጋዴዎቹ አልፎ አልፎ ከዓባይ ዳር የተቆፈረ የጥንት ገንዘብ ይዘው ይመጣሉ፤ የሮም ነገሥታት ፊት ያለበት፣ እነሱ «የሩም» የሚሉት። ኢድሪስ የፍየል ቆዳ ከረጢት ሙሉ ሰብስቦ ነበር። «ገንዘብም ቆዳ አለው» ይለኝ ነበር በተሰባበረ አማርኛው። «አረንጓዴውን መሬት ሰጠው። ጥቁሩን እሳት ሰጠው። ይሄኛውን ማን ሰጠው? አትንካ! ጣትህ ላብ አለው። በዓይን ብቻ እይ።»

የሚያበሳጨው ቆዳው ያልተነካ ገንዘብ ማጣቱ ነበር። አገራችን ወርቅ የሚታጠብበት አገር ነው። ወንዝ ወርዶ አሸዋ በገበቴ የሚያጥብ ሰው፣ ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ ታጥቦ የሚጠራ ይመስለዋል። ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ በሎሚና በአሸዋ ፈትገው፣ አብረቅርቀው፣ ደስ ብሏቸው ያመጡለታል። እሱም ጭንቅላቱን ይይዛል። «ፊቱን ልጣችሁ ማነው ትሉኛላችሁ!» ሴቶቹ ይስቁበታል። «ኢድሪስ ቆሻሻ አግብቷል» ይሉ ነበር።

እህቱ ራህማ ባሏ የሞተባት የወርቅ አጣቢ ነበረች። ባሏ ወደ ሱዳን ይመላለስ ስለነበር በማሰሮ የተቀበረ የሩም ገንዘብ ትቶላት ነበር። ከዚያ ጥቂቱን አውጥታ፣ እንደ ልማዷ አጥባ፣ በሺር ለሚባል ጀላባ ሰጥታ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ወሰደች። ብሩ ቢሳሳም ስትሰጠው ገና ነጭ ነበር። በሺር ድንጋይ ላይ ሲፈትገው ቀይ ሆነ።

«ይቺ ሴት መዳብ ለብጣ ሸጠችልኝ!» ብሎ ገበያውን አወከው።

የገበያው ሽማግሌዎች ጉዳዩን ለኢድሪስ ሰጡት። በሚቀጥለው ገበያ መልስ ይስጥ፤ ራህማ ለብጣው ከሆነ ዳግመኛ ወርቋን ይዛ ሾላው ሥር አትድረስ ተባለ። ለወርቅ አጣቢ ይህ ከአገር እንደ መባረር ነው።

ኢድሪስ ማሰሮው ድረስ ሄዶ፣ አፈር ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ገንዘብ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣ። እኔንና አባቴን ፀሐይ ላይ ጠርቶ አሳየን። ዘውዱ እንደ እሾህ የሾለ ንጉሥ ነበር፤ በላዩ አመድ የመሰለ ስስ ቆዳ ነበረው። ኢድሪስ በገለባ ጫፍ እያመለከተ አስረዳን። አታላይ በኋላ ለብጦት ቢሆን ብሩ የፊደሎቹን ጠርዝ ይሞላው ነበር። የዚህ ብር ግን እስከ ፊደሉ ጉድጓድ ድረስ አብሮ ተረግጧል፤ ማህተሙ ሲመታ ብሩ ቀድሞ ላዩ ላይ ነበር። «ንጉሡ ራሱ ለበጠ» አለን። «ራህማ አይደለም። የራህማ አያት አያትም አይደለም።» እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥሮ ቅል ክዳን ላይ አስቀመጠና ማታ ሰግዶ ተኛ። በማግስቱ የገበያው ቀን ነበር፤ ጠዋት እሱ ወንዝ ወርዶ እየታጠበ ሳለ ራህማ ቁርሱን ይዛ መጣች።

ሾላው ሥር ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ኢድሪስ ጉሮሮውን ጠራርጎ የንጉሡን ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ማስረጃውን አወጣና ጨርቁን ፈታ። ገንዘቡ እንደ አዲስ ጋን ቀይ ሆኖ ያበራ ነበር። የሎሚው ሽታ እኔ እስከቆምኩበት መጣ።

«ማነው ያጠበው?»

ራህማ ሻሿን እያስተካከለች ወደፊት መጣች። «እኔ ነኝ ወንድሜ። አመድ መስሎ ነበር እኮ! በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ በሎሚና በአሸዋ አጥብቄ ፈተግሁት።»

መጀመሪያ በሺር ሳቀ። «ንጉሡ ራቁቱን መጣ!» አለ፤ ገበያውም ተከተለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ኢድሪስ፣ አጭር ቃል ስጠን። ጥሩ ነው ልብጥ?» አሉ።

«ልብጥ ነው። ራህማ ግን አልለበጠም።»

«በምን እንወቅ?»

ኢድሪስ መዳፉ ላይ ያለውን ቀይ ነገር አየ። ፊደሉ ውስጥ የነበረው ብር ታጥቦ ሄዷል። ራህማ እንደተባለው ከገበያው ወጣች፤ እሱም ምንጣፉን ጠቅልሎ ተከተላት። ከዚያ በኋላ ሾላው ሥር አልተቀመጠም።

ማታ አባቴ በአጥሩ ላይ «በሺር ገንዘቡን ለውጦብኛል ብትል ምን ነበረበት?» ቢለው፣ «አልለወጠም እኮ፣ አቶ ወልዴ» ብሎ ራህማ የሠራችውን ገንፎ መብላቱን ቀጠለ። እኔ ግን በሁሉም ተናድጄ ነበር፤ በራህማ፣ በሳቁት ሰዎች፣ ክፉ ቃል እንኳ ባልወጣው በእሱም። ዛሬም አልበረደልኝም። እዚህ አንዱን መምህራችንን ስለ ነገሩ በትሕትና ብጠይቅ፣ «ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ሳላይ ግን አልመሰክርም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የሚታይ ግን የለም። ኢድሪስ ትክክል ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ የማምነው ያን ቀን ፀሐይ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው።

ኢድሪስ የሞተው እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ነው። ራህማን ልሰናበታት ወንዝ ስወርድ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ገበቴዋን ታዞር ነበር፤ ወርቋን አሁን የሚሸጥላት የጎረቤት ልጅ ነው። ከአሸዋው መካከል ጭቃ የያዘ አንድ ክብ ነገር ወጣ። እጄን ብዘረጋ መታችኝ።

«ተው! ጣትህ ላብ አለው።»

ከነጭቃው በሰፊ ቅጠል ጠቀለለችው፤ ከዚያም ዳር ካለው ድንጋይ ሥር ወሰደችኝና አሳየችኝ። ሌሎችም ጥቅሎች ነበሩ፤ አንዱም አልታጠበም።

«ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት።

«እንጃ» አለች። «የሚያይ ሰው ይመጣል።» ከዚያ ወደ ውሃዋ ተመለሰች።