ያላቃሰተችው ጎሽ

ለንደን፣ ኤድመንተን ባለው ቤቴ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ የጣት ርዝመት ያላት ዝገታም ሽቦ አለች። በነካኋት ቁጥር ጣቴ ላይ የሚቀረው የብረት ሽታ ከእርጥብ ድርቆሽ ሽታ ጋር ይቀላቀልብኛል፤ ድርቆሹ ግን እዚህ የለም።

በደርግ ዘመን ነው። እኔና ጓደኛዬ የእንስሳት ሕክምና ልንማር በአንድ አውሮፕላን ለንደን መጥተን፣ ኬኒንግተን አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከሁለታችን አንዱ ለዶክትሬት እንደሚቀር፣ ሌላው እንደሚመለስ መምህራችን ነግረውናል። ከአገር ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ያን ጊዜ ማን እንደታሰረ እንኳ በግልጽ አይጽፍም ነበር።

በጓደኛዬ እቀና ነበር። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። እኔ መጽሐፉን በቃሌ ስወጣው፣ እሱ ጆሮውን ከብቱ ጎን ላይ ያሳርፍና ዝም ይላል፤ ከዚያ የሚናገረው አይስትም።

መምህራችን ግብፅ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሰው ስለነበሩ በኮሌጁ እርሻ ጥቂት የውሃ ጎሾች ያረቡ ነበር። አንድ የጥር ማለዳ አንዲቱ መኖዋን ትታ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ቆማ አገኘናት። ጎሽ መኖዋን ሳትለይ ትውጣለች፤ አብሮ የገባ ስለታም ብረት ከሆዷ አልፎ ወደ ልቧ ሊዘልቅ ይችላል። የብረት መፈለጊያውን መሣሪያ በደረቷ ሥር አሳለፍኩት፤ አፏጨ።

"ብረት ነው ያመማት" አልኩ።

"የጤነኞቹም ሆድ ውስጥ ብረት አለ" አሉ መምህራችን። "ያመማት እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?"

ጓደኛዬ ሳቀ። "ጓድ ማሽን፣ እሱ ባፏጨ ቁጥር አንተ ታጨበጭባለህ። በል ና፣ ቆንጥጥልኝ።"

ጆሮውን ጉሮሮዋ ላይ ለጠፈ። የእኔ ድርሻ የትከሻዋን ቆዳ በሁለት እጄ ጨምድጄ መያዝ ነበር። ከብት እዚያ ላይ ስትቆነጠጥ ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ብረት የወጋት ከሆነ ይህ ስለሚያማት ታቃስታለች፤ ድምፁ ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም፣ እሱ ግን ይሰማዋል። ቆነጠጥኩ። የጎሽ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ካልጠነከሩበት ዝንብ ያረፈባትን ያህል አይሰማትም። አልጠነከርኩም።

"ድገመው።"

ደገምኩ፤ እንደ ፊተኛው።

"አላቃሰተችም" አለ ቀና ብሎ፣ ግር እያለው። "ብረት ቢኖርም ያመማት እሱ አይደለም።"

መምህራችን ከእኔ መሣሪያ ይልቅ የእሱን ጆሮ አመኑ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ስትከፈት ሽቦዋ የልቧ ሽፋን ላይ ተሰክታ ተገኘች። ትክክለኛው እኔ ሆንኩ፤ ዶክትሬቱም የእኔ ሆነ።

ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ሽቦዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ያንተ ናት፤ ያገኘሃት አንተ ነህ" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ "ያን ማለዳ እጅህ በርዶት ነበር መሰለኝ" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሁለት ደብዳቤዎች ጻፈልኝ። ሦስተኛው አልመጣም።

ዛሬ የዚያን ማለዳ ውርጭና የደነዘዙ ጣቶቼን በግልጽ አያቸዋለሁ፤ እሱ "በርዶት ነበር" ከማለቱ በፊት አስታውሻቸው እንደነበር ግን መማል አልችልም። ከጎሿ ቆዳ ይወጣ የነበረው ሙቀት ግን እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ።